"ሰይጣን አሳስቶት ነው" ከማለታችን በፊት



ሥራ ቦታ ላይ ሰው ሰውን ጎዳ ሲባል ሦስት መልሶች አፋችን ላይ ናቸው። "ሰይጣን አሳስቶት ነው።" "ድሮም ጤነኛ አልነበረም።" "የግል ጠባቸው ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ምን ያድርግ?" ሦስቱም ትንሽ እውነት ሊኖርባቸው ይችላል። ችግሩ ሦስቱም ወሬውን ይዘጉታል እንጂ ለነገ ምንም አያስተምሩንም። ሰይጣንን ማን ይከሳል? ማንስ ከሥራ ያግደዋል?

ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። የተማራችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ክፍል ውስጥም ደወል ተደውሎ አልጨርስም ነበር። የማነሣው "በሥራ ቦታ ሊደርስ የሚችልን ጥቃት አስቀድሞ መገመትና መከላከል" የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ ዛሬ አዳር የምትገቡ ነርሶች፣ ገንዘብ የምትቆጥሩ የባንክ ሠራተኞች፣ ሹፌሮች፣ ባለሱቆች ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከአገር ወጥታችሁ በሰው ቤት ትሠራላችሁ። ነገሩ የሚመለከተው እናንተን ነው። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከማዕድን ጉድጓድ ነው።

ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ በሚባለው ክፍለ ግዛት ኤሊየት ሌክ የምትባል ከተማ አለች። ዩራኒየም ይወጣባት ነበር። ቆፋሪዎቹ በሳንባ ካንሰርና በድንጋይ ብናኝ በሚመጣ የሳንባ በሽታ እየታመሙና እየሞቱ ስለነበር በ1974 ሥራ አቆሙ። መንግሥት በፕሮፌሰር ጄምስ ሃም የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ሪፖርቱን በ1976 አወጣ፤ ከዚያ በመነሣት በ1979 ሥራ ላይ የዋለ የሥራ ጤንነትና ደኅንነት ሕግ መጣ። የሕጉ መንፈስ ቀላል ነው። ሠራተኛው ያለበትን አደጋ የማወቅ፣ አደጋውን በማስወገዱ ሥራ የመሳተፍ፣ አደገኛ ሲሆን ደግሞ "አልሠራም" የማለት መብት አለው። አሠሪውም ሰው እስኪሞት አይጠብቅም፤ አስቀድሞ ዞሮ አደጋውን ይፈልጋል።

ልብ በሉ። ያኔ "አደጋ" ሲባል አቧራ ነው፣ ማሽን ነው፣ ኬሚካል ነው፣ የሚናድ ድንጋይ ነው። የሰው እጅ በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ አልተጠራም። ሰው ሰውን ከመታ ነገሩ የፖሊስና የፍርድ ቤት ነው፤ የሥራ ደኅንነት ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። የሰው እጅ በዚያው ሕግ ውስጥ በግልጽ እስኪገባ 30 ዓመት ግድም ፈጅቷል። በመሀል ብዙ ሰው ሞቷል። ወደ ኦንታሪዮ እንመለሳለን፤ በፊት ግን ድንበር ተሻግረን አሜሪካ እንግባ።

ኦገስት 20 ቀን 1986 ኦክላሆማ ውስጥ ኤድመንድ በምትባል ከተማ አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ጠዋት ሥራ ገብቶ 14 የሥራ ባልደረቦቹን ገደለ፣ 6 አቆሰለ፣ ከዚያ ራሱን አጠፋ። ከአንድ ቀን በፊት አለቆቹ በሥራው ገሥጸውት ነበር። (የገዳዮቹን ስም አልጽፍም። ከሟቾቹ በላይ ሲጠራ ኖሯል፣ ይበቃል።) አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1991፣ ሚሺጋን ውስጥ ሮያል ኦክ ላይ ከሥራ የተሰናበተ ሌላ የፖስታ ሠራተኛ ተመልሶ መጥቶ አራት ሰው ገደለ። ይኼኛው የስንብት ክርክሩን ከተሸነፈ የኤድመንዱን ዓይነት ነገር እንደሚያደርግ ሲዝት ሰዎች ሰምተውት ነበር። ይህን ያዙልኝ፦ ሰምተውት ነበር።

አሜሪካኖች ከዚህ ሁሉ ያተረፉት ነገር ቢኖር አንድ ቀልድ ነው። በ1990ዎቹ "ጎይንግ ፖስታል" የሚል አባባል ወጣ፤ በንዴት አእምሮውን ለሳተ ሰው "ፖስታ ቤቱ ተነሣበት" እንደማለት ነው። ፊልሙም ወሬውም ተቀባበለው። ፖስታ ቤት መሥራት የሚያሳብድ ነገር ተደርጎ ተቆጠረ።

እሺ፣ እውነት ነበር? የፖስታ አገልግሎቱ የቀድሞውን ሚኒስትር ጆሴፍ ካሊፋኖን መሪ አድርጎ ኮሚሽን አስጠና፤ ሪፖርቱ በ2000 ወጣ። ውጤቱ የብዙ ሰው አፍ አስያዘ። የፖስታ ሠራተኛ ሥራው ላይ የመገደል ዕድሉ ከአገሪቱ አማካይ ሠራተኛ አንድ ሦስተኛው ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አባባሉ ተረት ነበር።

ታዲያ የሚሞተው ማን ነበር? መልሱ ቀደም ብሎ በ1996 ወጥቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ተቋም ባሳተመው ጥናት በአገሪቱ በአማካይ በሳምንት 20 ሰው ሥራው ላይ ይገደል ነበር። ከሁሉ የከፋው የታክሲ ሥራ ነው፤ ታክሲ ላይ የመገደል መጠን ከአገሪቱ አማካይ 60 እጥፍ ይጠጋ ነበር። ቀጥሎ የመጠጥ መሸጫ፣ የነዳጅ ማደያ፣ የሰፈር ሱቅ፣ ጥበቃ። ከግድያዎቹ የሚበዙት ከዘረፋ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ቴሌቪዥን ግን በባልደረባው ላይ የተኮሰውን ሰው ነበር የሚያሳየው። ሌሊት በጥይት የተመታው ባለታክሲ የአንድ ቀን ወሬ ነው፤ እሱም ከተወራለት።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ዋሽንግተን ታክሲ የነዳ ዘመድ የሌለው ስንት ሰው ነው? ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ በዘራፊ ጥይት የቀረ ወንድም ለቅሶ ያልተቀመጠ ሰፈርስ ስንት ነው? "ዕጣ ፈንታው ነው" ብለን የቀበርናቸው ልጆች የሠሩት በዚህ ዝርዝር አናት ላይ ያለ ሥራ ነበር።

የዚያ ጥናት ትልቁ ቁም ነገር ጥያቄውን መቀየሩ ነው። "እብዱ ማን ነው?" ሳይሆን "ሥራው ምን ዓይነት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ከማያውቁት ሰው ጋር ገንዘብ መቀባበል። ብቻ መሥራት። ሌሊት ወይም ጎሕ ሳይቀድ መሥራት። ወንጀል በበዛበት ሰፈር መሥራት። ውድ ዕቃ መጠበቅ። ሥራው እንደ ታክሲ ተንቀሳቃሽ መሆኑ። እንደ ሆስፒታል በሕመም ወይም በጭንቀት ራሱን መቆጣጠር ያቃተውን ሰው ማስተናገድ። እነዚህን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም፣ ሊቅም አያስፈልግም። ተራ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ በአሥር ደቂቃ ይዘረዝራቸዋል።

የተቆጠረ ነገር ደግሞ ይነካል። ፍሎሪዳ ውስጥ የገይንስቪል ከተማ ከ1986 ጀምሮ ለሱቆች ደንብ አወጣ፦ የመስኮቱን ማስታወቂያ አንሡ ከውጭ ውስጡ ይታይ፣ መሳቢያ ውስጥ ብዙ ገንዘብ አታስቀምጡ፣ አለማስቀመጣችሁንም በር ላይ ለጥፉ፣ መብራት ይኑር፣ ካሜራ ይኑር፣ ሌሊት ሁለት ሆናችሁ ሥሩ። ዘረፋው ቀነሰ። ምን ያህሉ ከሁለት ሰው ሕግ የመጣ ነው የሚለው ተመራማሪዎችን አከራክሯል፤ ክርክሩ ግን ስለ መብራትና ስለ መስኮት እንጂ ስለ ሰይጣን አልነበረም። ይህ ራሱ ትልቅ እድገት ነው።

በነገራችን ላይ ፖስታ ቤቱም ቢሆን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ፌብሩዋሪ 1992 አመራሩና አብዛኞቹ የሠራተኛ ማኅበራት አንድ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ዛቻም ሆነ ማዋረድ በየትኛውም ደረጃ ካለ ሰው አይፈቀድም አሉ። በየትኛውም ደረጃ ማለት አለቃም ማለት ነው። ሠራተኛ ሲዝት ብቻ ሳይሆን አለቃ ሰው ፊት ሲያዋርድም ነገሩ የደኅንነት ጉዳይ ሆነ።

አሁን ወደ ኦንታሪዮ እንመለስ። እዚያ የሞቱት ሰዎች ታሪክ ሌላኛውን ግማሽ ያስተምረናል፤ አደጋው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ሲመጣ።

1996፣ ቻተም ከተማ። በአንድ የገበያ አዳራሽ የምትሠራ ሴት በሥራ አስኪያጇ ተገደለች። ስለሚያደርስባት ትንኮሳ ቀደም ብላ ቅሬታ አቅርባ ነበር።

1999፣ ዋና ከተማዋ ኦታዋ። ኤፕሪል 6 ቀን አንድ የቀድሞ የአውቶቡስ ድርጅት ሠራተኛ ጋራዡ ገብቶ አራት ሰው ገደለ፣ ራሱንም አጠፋ። ሰውየው ይንተባተብ ነበር፣ ባልደረቦቹም ይቀልዱበት ነበር። ሰው እንደቀለደበት ማንንም መግደል አይችልም፤ ይህ ክርክር የለውም። ነገር ግን የአሟሟታቸውን ሁኔታ የመረመረው ጉባኤ፣ ለዳኝነት የተቀመጡት ተራ ዜጎች ማለቴ ነው፣ 77 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ። ጥቃትና ማዋረድ ዘር ናቸው፣ አንዱ ካንዱ ይወለዳል የሚለው ግንዛቤ ከዚያ በኋላ ሥር ሰደደ።

2005፣ ዊንዘር ከተማ። ኖቬምበር 12 ቀን ሎሪ ዱፖንት የምትባል ነርስ በምትሠራበት ሆስፒታል፣ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሕሙማን በሚያገግሙበት ክፍል፣ በጩቤ ተገደለች። የገደላት እዚያው የሚሠራ የሰመመን ሐኪም ነው፤ ጓደኛዋ ነበር፣ ተለያይተዋል። ፍርድ ቤት ጥበቃ እንዲያደርግላት አመልክታ ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ ያውቁ ነበር። አለቆች ያውቁ ነበር። ሐኪሙ በሌሎች ሠራተኞች ላይ ስለሚያሳየው ጠባይም ቅሬታ ቀርቦበት ነበር። ያም ሆኖ ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ተረኛ ሆነው ተመደቡ።

ይህን ሳነብ የሚያመኝ ጩቤው ብቻ አይደለም። የተረኞች ዝርዝር ነው። አንድ ሰው ወረቀት ላይ ሁለት ስም ጎን ለጎን ጽፏል። ያ ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ "የግል ጉዳያቸው ነው" ብሎ ይሆናል። እኛስ ብንሆን? "የሰው ገመና ውስጥ አልገባም" እንል የለ?

በ2007 የአሟሟቷ ምርመራ ተካሄደ። ከዚያ በዲሴምበር 2009 የኦንታሪዮ ምክር ቤት ያንን የማዕድን ቆፋሪዎቹን ሕግ አሻሻለ፤ ማሻሻያው ከጁን 15 ቀን 2010 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ምን ይላል? አሠሪ ከሥራ ቦታው፣ ከሥራው ዓይነትና ከአሠራሩ ሁኔታ ሊመጣ የሚችለውን የጥቃት ሥጋት ይመርምር። ቢያንስ በየዓመቱ መመሪያውን መልሶ ይይ። ሠራተኛው እርዳታ የሚጠራበት መንገድ ይኑረው። የጥቃት ታሪክ ካለው ሰው ጋር ሊያጋጥመው የሚችል ሠራተኛ ይነገረው። ጥቃት ይደርስብኛል ብሎ የሠጋ "አልሠራም" ማለት ይችላል። በመጨረሻም የሎሪ ዱፖንት ደም ያለበት ድንጋጌ አለ፦ የቤት ውስጥ ጥቃት ሠራተኛዋን ተከትሎ ሥራ ቦታ ሊመጣ እንደሚችል ያወቀ፣ ወይም ማወቅ የሚገባው አሠሪ፣ ሊጠብቃት ግዴታ አለበት።

"ማወቅ የሚገባው" የምትለዋን ቃል አስምሩባት። "አልሰማሁም" ማለት አያድንም።

ሦስት ቦታ፣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓይነት ታሪክ። ድንገት አልነበረም። ዛቻ ነበር፣ ቅሬታ ነበር፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ነበር። የጎደለው የሰው ዕውቀት አይደለም፣ ዕውቀቱ የሚሄድበት መንገድ ነው። የሰማው ሰው ለማን ይናገር? የተነገረው ሰው ምን ያድርግ? ይህ ሳይጻፍ ሲቀር ሁሉም እያወቀ ማንም እንዳላወቀ ይሆናል። ሕጉም የመጣው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በጁን 2019 መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት የጄኔቫ ጉባኤ ስምምነት ቁጥር 190ን አጸደቀ፤ ከጁን 2021 ጀምሮ ጸንቷል። በሥራው ዓለም ስለሚደርስ ጥቃትና ትንኮሳ ነው። ሥጋቱን መገምገም ሠራተኞች የሚሳተፉበት ሥራ እንዲሆን ይጠይቃል። "ሥራ ቦታ" የሚለውንም ሰፋ አድርጎታል፦ ወደ ሥራ መሄጃና መመለሻ መንገድ፣ አሠሪው የሰጠው ማደሪያም ይገባል። ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ለምትሠራ እህታችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሥራዋም ማደሪያዋም ያው ቤት ነው። በሩ ሲቆለፍ ሁለቱም አብረው ይቆለፋሉ። እሷ ዘንድ የሥጋት ግምገማ ማለት ቀላል ጥያቄ ነው፦ ፓስፖርቷ የት ነው? ስልኳ እጇ ላይ ነው? ሌላ ሰው በሳምንት አንዴ ድምፅዋን ይሰማል?

አገር ቤትስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ይከለክላል። አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። አሠሪ አደጋ እንዳለ እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። (የመንግሥት ሠራተኛው የሚመራው በሌላ ሕግ ነው።) ነገር ግን "ደኅንነት" ሲባል ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሁንም ትዝ የሚለን የራስ ቁር፣ ጓንትና የእሳት ማጥፊያ ነው። ልክ የ1979ዋ ኦንታሪዮ። የሕጉን ቃል ለማሽን ብቻ ሳይሆን ለሰው እጅም ማንበብ የእኛ ፈንታ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ሥጋትን መገመት ማለት ሰውን መጠርጠር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ "ገዳይ የሚሆነው ሰው እንዲህ ነው" የሚል ዝርዝር ይዞር ነበር፦ ወንድ፣ ጎልማሳ፣ ብቸኛ፣ ዝምተኛ። እንዲህ ያለ ሰው በየቢሮው ሞልቷል፤ አብዛኛው በሕይወቱ ዝንብ ነክቶ አያውቅም። ዝምተኛውን ማግለል ደግሞ ያንኑ የኦታዋውን ጋራዥ መሥራት ነው። መታየት ያለበት ጠባዩ ሳይሆን ድርጊቱ ነው፦ ዛተ ወይ? ተከታተለ ወይ? መታ ወይ? ከዚያም የሥራው ሁኔታ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ታሪክ ለእያንዳንዳችሁ የሚተርፈው አራት ጥያቄ ነው። ነገ ሥራ ስትገቡ ለራሳችሁ ጠይቁ፤

1. ሥራችን ውስጥ ብቻውን የሚያድር፣ ገንዘብ የሚይዝ፣ የተናደደ ሰው የሚያስተናግድ፣ ቤት ለቤት የሚዞር ማን ነው? የማደያው ልጅ፣ የባጃጁ ሹፌር፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ዱላ ብቻ ይዞ የሚያድረው ጥበቃ አለ ወይ?

2. አንድ ሰው ዛቻ ቢሰማ ለማን ይናገራል? የሚያስዝተው ራሱ አለቃው ቢሆንስ?

3. አንዷ ባልደረባችን "ባሌ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው" ብትል ምን እናደርጋለን? ፈረቃ እንቀይርላታለን? በሌላ በር እናስወጣታለን? ጥበቃው ያውቃል? ወይስ "ቻይው፣ ትዳር ነው" እንላታለን?

4. ባለፈው ጊዜ አንድ ነገር ሲደርስ ምን ተቀየረ? "ታረቁ" ተብሎ በሽማግሌ ታለፈ ወይስ መብራቱ ተተከለ፣ ተረኛው ሁለት ሆነ?

ሽምግልናን እያጣጣልኩ አይደለም። ብዙ ጠብ ያበረደ ባህል ነው። ነገር ግን እርቅ በሁለት ሰው መካከል ያለውን ይፈታል እንጂ ጨለማውን ኮሪደር አያበራም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው አባባል የእኛው ነው፤ ከካናዳ አላመጣነውም። ማዕድን ቆፋሪዎቹ፣ ባለታክሲዎቹ፣ ነርሷ በሕይወታቸው የከፈሉበትን ትምህርት እኛ በአሥር ደቂቃ ስብሰባ በነፃ ልንወስደው እንችላለን።

እስኪ በየሥራችሁ ያለውን ጻፉልኝ፤ በተለይ "ይህችን ቀየርን፣ ሰላም ሆንን" የምትሉት ካለ። የሰውና የድርጅት ስም ግን አስተያየት መስጫው ላይ አትጻፉ፤ የሚያስጨንቃችሁ ነገር ካለ በውስጥ መስመር አለሁ። አዳር ገቢ ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ አካፍሉት፤ ዛሬ ማታ ከማን ጋር እንደሚያድርም ጠይቁት።

ቸር ያሰማን።